ውሃውን ያፈሰሰው ሰው

የፈረንሳይ ንጉሥ አንገቱ በተቆረጠበት ዓመት ማብቂያ፣ በረዶው በጀመረ ሰሞን፣ ኦገስተስ ፌንዊክ የተባለ ተዋናይ ለንደን ውስጥ በግሪን ሌን ቴአትር የመልበሻ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ግማሽ ፊቱን የሽማግሌ ቀለም ተቀብቷል፤ ሌላው ግማሽ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ፊት ነው። ወንበሩ ተገልብጧል። «ደጉ መናሴ» በተባለው ተውኔት ላይ ደጉን አይሁዳዊ እየሆነ መላውን ለንደን ሲያስለቅስ ከርሞ ነበር። በዚያ ምሽት ተውኔቱ አልታየም፤ ትኬት የቆረጡት ሰዎች ግን ሳያለቅሱ አልተመለሱም።

በማግስቱ ጠዋት የአስከሬን መርማሪው ዳኛ ኤድመንድ ሃርግሬቭ ደረጃውን ሲወጣ ጥርሱን ያመው ነበር። በድንገት ወይም በሰው እጅ የሞተ ሁሉ ከመቀበሩ በፊት እሱ ሊያየው ግድ ነው። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ረጅም ንግግር የማይወድ ሰው ነው። ኮንስታብል ዶብስ በሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀው።

«ክቡር ዳኛ፣ በከንቱ ደከሙ። ነገሩ አልቋል።»

«ለማን ነው ያለቀው?»

«ገዳዩን ይዘነዋል። ዛልማን ይባላል፤ ከአይሁዶቹ ሰፈር ከዱክስ ፕሌስ ነው፣ አሮጌ ልብስ ነጋዴ። ለሟቹ የአይሁድን አነጋገርና አረማመድ የሚያስተምረው እሱ ነበር። መርዙ ያለበትን ውሃ በመስኮት ሲደፋ ታይቷል።»

«መርዙ ውሃው ውስጥ እንደነበረ በምን አወቅህ?»

«ደፋው እኮ! ባይኖርበት ለምን ይደፋዋል?»

ሃርግሬቭ ጉንጩን ይዞ ትንሽ አየው። «ዶብስ፣ አንተ ብልህ ሰው ነህ። እዚሁ በሩ ላይ ቁም።»

ገብቶ በሩን ዘጋ። ሐኪሙ ቀድሞት ደርሷል። ሁለቱ አንሶላውን ገልጠው ሬሳውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መረመሩ። ሐኪሙ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሃርግሬቭ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐኪሙ አፉን ዘጋ።

«ሌላስ?» አለ ሃርግሬቭ።

«አፉ አልሞንድ አልሞንድ ይሸታል። የሚገርም አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ባለው ጽዋ ውስጥ ከፍሬው የተጨመቀ የአልሞንድ ወተት አለ። ለድምፁ ብሎ ይጠጣው ነበር አሉ።»

«ሆዱን ክፈተውና ምን እንዳለበት ንገረኝ። ጽዋውንም ውሰደው። ከመድረኩ ሥር አይጥ አይጠፋም።»

ሐኪሙ ጽዋውን በመሐረብ ጠቅልሎ ያዘ። ከሥሩ ሁለት ሦስት ጉንጭ የሚሆን ነጭ መጠጥ ቀርቶበታል። የውሃ ማሰሮው ግን ደርቋል፤ የፊት መታጠቢያው ሳህንም እንደዚያው። ወለሉ ላይ ቅርጫት ወድቋል፤ ዳቦ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ የተጠበሰ ዓሣ ተበትኗል። ሃርግሬቭ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆኑ የታዘዙት የእሳት ማጥፊያ ባልዲዎች አንዳቸውም ጠብታ የላቸውም። ቀጥሎ ያለው የተዋናይቷ የሚስ ዳሬል ክፍል ነው፤ እዚያም የአበባ ማስቀመጫው ባዶ ነው። አበቦቹ ሳይሰበሩ፣ ሳይረገጡ፣ ጨርቅ ላይ በጥንቃቄ ተጋድመዋል።

አበቦቹን ረጅም ጊዜ አያቸው።

መጀመሪያ ያነጋገረው የልብስ ክፍል ኃላፊዋን ሚሲስ ፒዩን ነው። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች።

«ሊጨልም ሲል ነው፤ መብራት እየለኮስኩ ነበር» አለች። «ሽማግሌው ቅርጫቱን ይዞ አለፈ። ‹ደህና አመሹ› አለኝ፤ ሁልጊዜም ይላል። ትንሽ ቆይቼ ብወጣ በኮሪደሩ መስኮት ባልዲ ይደፋል። ከዚያ ሌላውን ባልዲ። ከዚያ ሚስ ዳሬል ክፍል ገብቶ የአበባውን ውሃ ይዞ ወጣ። አብዷል አልኩ። ‹ምን እያደረግክ ነው?› ብለው አልፎኝ ሄደ፤ ፊቱ ኖራ መስሏል። ተከትዬው ስገባ ሚስተር ፌንዊክ ወድቋል። ሽማግሌው አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ።»

«መሬት ላይ?»

«ወንበር ሞልቶ መሬት ላይ።»

«ጮኹ?»

«ሲጨንቀኝ ምን ላድርግ ታዲያ!»

«ቀድሞ የደረሰ ማን ነው?»

«ደራሲው፣ ሚስተር ቲልኒ። ከማዶ ካለው ቡና ቤት ባርኔጣ እንኳ ሳያደርግ እየሮጠ መጣ። እዚሁ ቤት ያሉት ከሱ በኋላ ነው የደረሱት።»

ሚስ ሉዊዛ ዳሬል በተውኔቱ የመናሴ ልጅ ሆና የምትጫወት ናት። ጥቁር ለብሳለች፤ ጥቁሩ ያምርባታል፣ እሷም ታውቀዋለች።

«ከትናንት በስቲያ ኬክ አዘዝኩ፤ ትናንት ልደቴ ነበር» አለች። «ከምሳ በኋላ አንድ ቁራሽ ይዤለት ገባሁ። አልነካውም። ‹ውሃ እንኳ ላምጣልህ?› ብለው ‹ኮከብ ሲወጣ እበላዋለሁ፤ አስቀምጪልኝ› አለኝ። አኮረፍኩት። ሳላናግረው ሞተ።»

«ጽዋው ምን ያህል ነበረበት?»

«ኬኬን ለሚመልስ ሰው ጽዋውን አየሁለት ይመስልዎታል?»

«ጠላት ነበረው?»

«ክሮል ይጠላዋል፤ ግን ክሮል ሁሉንም ይጠላል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሚመጣው ሳምንት የእሱ የክብር ምሽት ነበር፤ የዚያን ምሽት ገቢ ለእሱ ነው። ተውኔቱ ሲያልቅ ለሕዝቡ አንድ ነገር እናገራለሁ ብሎ ነበር። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ለሚስተር ቲልኒ ነግሮታል። የነገረው ዕለት ሚስተር ቲልኒ ከክፍሉ ሲወጣ አጠገቡ ቆሜ እንኳ አላየኝም።»

ባርናቢ ክሮል ጠጥቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ቴአትር ቤት ስግብግቡን አይሁዳዊ እየሆነ ሲያስቅ የኖረ ኮሜዲያን ነው።

«እጠላው ነበር፤ ጻፈው» አለ፣ ማንም የሚጽፍ ሳይኖር። «እኔ አፍንጫዬን ረጅም አድርጌ ስወጣ ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እሱ መጣና ‹አይሁድም ሰው ነው› አለ፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን መናፈጥ ጀመረ። እኔም ጉሮሮዬ ተዘጋ።»

«ገደልከው?»

«ለመግደል በጠዋት መነሳት ያስፈልጋል። እኔ ትናንት ሲመሽ ነው የነቃሁት፤ የቤት አከራዬ በመጥረጊያ ነው የቀሰቀሰችኝ፤ ጠይቋት።»

«ሚስተር ቲልኒስ?»

ክሮል ሳቀ። «ቲልኒ አይሁዶችን የሚወዳቸው እንደ መላእክት ነው፤ ሳያያቸው። ሽማግሌው ደረጃ ላይ ሲያጋጥመው ግድግዳ ታክኮ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያሳልፈው። እኔ ቢያንስ ተሳድቤ ትምባሆዬን አካፍለዋለሁ።»

ሆራስ ቲልኒ ዓይኑ ቀልቷል፤ መሐረቡ ርሷል። ዳኛውን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ያን ምስኪን ሽማግሌ አትጨክኑበት» አለ። «ስንት ዘመን በድለናቸዋል። ቢያጠፋ እንኳ ጥፋቱ የኛ ነው።»

«ቆንጆ ነው። ትናንት ፌንዊክን መቼ አዩት?»

«ቀትር ላይ። ዘወትር በዚያ ሰዓት የአልሞንድ ወተት ይጠጣል፤ ትናንት እኔ ነኝ ከቡና ቤቱ ያመጣሁለት። እፊቴ ግማሹን ጠጣ። ‹ጥሩ ነው› ብሎ ከንፈሩን ጠረገና የቀረውን ለኋላ አስቀመጠው።»

«ከዚያ በኋላስ ደህና ነበር?»

«ሚስ ዳሬል ከምሳ በኋላ አይታው የለ? ስለዚህ ጽዋው ውስጥ አንዳች ነገር ከተገኘ ከኔ በኋላ የገባ ነው ማለት ነው።» ቲልኒ አንገቱን ደፋ። «ማንንም ለመወንጀል አይደለም።»

«በክብር ምሽቱ ምን ሊናገር ነበር?»

«ሕዝቡን ሊያመሰግን ነበር። ምን ሌላ ነገር አለ?»

ዛልማን የታሰረበት የዘበኞች ቤት ከቴአትሩ ብዙ አይርቅም። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፤ ካፖርቱ ፊት ለፊት ተቀዷል። ዶብስ «ተነስ አንተ!» ሲለው ሃርግሬቭ በእጁ ከለከለ።

«ይቀመጡ። ፌንዊክን ገድለዋል?»

«አልገደልኩም።»

«ውሃውን ለምን ደፉት?»

ዝም።

«ሰኞ ኒውጌት ወህኒ ይወስዱዎታል። ከዚያ በኋላ ገመድ ነው። ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ክቡር ዳኛ።»

«አውቀው ዝም ይላሉ?»

ሽማግሌው ቀና አለ። «ሬሳውን ማን ይጠብቀዋል?»

«ምን?»

«ብቻውን ነው ያደረው?»

ዶብስ ሳቀ። «ገድሎት ይሰረቃል ብሎ ይፈራል!» ሃርግሬቭ አልሳቀም። ወጣና ሠረገላ ጠርቶ ወደ ዱክስ ፕሌስ ሄደ።

የዛልማን ሱቅ መስኮት አንደኛው ተሰብሮ ድሪቶ ተወትፎበታል። ሚስቱ ፍሩማ መጥረጊያ ይዛ በሩን ከፈተች።

«ድንጋይ ይዘው ከሆነ የመጡት፣ ያኛው መስኮት ገና ደህና ነው» አለች።

«መርማሪ ዳኛ ነኝ።»

«እሱም ድንጋይ ነው። ይግቡ።»

ሃርግሬቭ በተሰቀሉት አሮጌ ካፖርቶች መሐል አለፈ። «ባልዎ ትናንት ሲመሽ ቅርጫት ይዞ ነበር። ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ ዓሣ። ለምን ሁለት ሁለት ሆነ?»

«ዛልማን ይርበዋል።»

«ለምንድን ነው የሚርበው?»

ፍሩማ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ትናንት ጾም ነበር። ኢየሩሳሌም የተከበበችበት ቀን ነው። ውሃም አይቀመስ፤ የሚፈታው ኮከብ ሲወጣ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ይጠይቁ።»

«ሰው ጾሙን የሚፈታው በቤቱ ከሚስቱ ጋር አይደለም እንዴ?»

«ዘንድሮ አልሆነም።»

«ከማን ጋር ነበር ታዲያ?»

ፍሩማ የወለሉን የመስታወት ስባሪ በእግሯ ወደ ጥግ ገፋች። ሃርግሬቭ ወደ ተሰበረው መስኮት ዞረ። «ለሥራዬ እዚህ ሰፈር ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ ሚሲስ ዛልማን። ሰው በሞተበት ቤትና በጎረቤቱ ደጃፍ ሁሉ የፈሰሰ ውሃ እየረገጥኩ ነው የማልፈው። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ጠይቄ ነግረውኛል።»

ፍሩማ የሽርጧን ጫፍ ጨበጠች። «ክቡር ዳኛ፣ አንድ ሰው ቢሰቀል የሚያዝነው አንድ ቤት ነው። ባሌ ይህን አስቦበታል። እባክዎ አያፍርሱበት።»

«ባልዎ በራሱ አንገት ላይ ይፍረድ፤ በእኔ ሥራ ላይ ግን አይፈርድም» አለና ወጣ።

ምርመራው በማግስቱ ከሰዓት በፊት እዚያው መድረኩ ላይ ተሰየመ፤ እንዲህ ያለ ምርመራ ዘወትር የሚካሄድበት የሰፈሩ መጠጥ ቤት ሕዝቡን አልችል ብሎ ነው። በሸራ ላይ የተሳለው የመናሴ ቤት ከኋላ አልተነሳም። አሥራ ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች በአንድ በኩል፣ ቲልኒ፣ ሚስ ዳሬል፣ ክሮልና ሚሲስ ፒዩ በሌላው በኩል ተቀመጡ። ዛልማን በዶብስና በሌላ ዘበኛ መሐል ቆመ። ውጭ ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው «አይሁዱን ስጡን» እያለ ይጮኻል።

ሃርግሬቭ ጉሮሮውን አልጠረገም፤ ሰላምታም አልሰጠ።

«ከውሃው እንጀምር» አለ። «ይህ ሰው ውሃ ደፋ። ኮንስታብሉ ‹መርዙን ሊያጠፋ ነው› ይላል። መርዝ የሚያጠፋ ሰው አንድ ማሰሮ ደፍቶ ይሄዳል። ይህ ሰው ማሰሮውን ደፋ፣ ሳህኑን ደፋ፣ የእሳት ባልዲዎቹን ደፋ፣ ከጎረቤት ክፍል የአበባ ውሃ ደፋ። አበቦቹንም ጨርቅ ላይ አጋደመ። የእሳት ባልዲ ውስጥ መርዝ የሚጨምር ማን ነው? ማን ሊጠጣው?»

ከሕዝብ ዳኞቹ አንዱ ሥጋ ሻጭ ነው። «እብድ ከሆነስ?» አለ።

«እብድ ቢሆን ያገኘውን ሁሉ ይደፋ ነበር። አንድ ዕቃ ግን አልነካም። የአልሞንድ ወተቱን ጽዋ። ሐኪሙ የተረፈውን ለአይጥ ሰጠ።»

«ወዲያው ነው የሞተችው» አለ ሐኪሙ። «የሎረል ቅጠል ውሃ ነው። ወጥ ቤቶች ለሽታ ጠብታ ይጨምሩታል፤ አንድ ብርጭቆ ፈረስ ይጥላል። ሽታው ከአልሞንድ አይለይም።»

«ስለዚህ መርዙ የነበረው ይህ ሰው ባልደፋው ብቸኛ ዕቃ ውስጥ ነው። መርዙ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የሚደፋው እሱን ነበር። ዛልማን አያውቅም ነበር። ገዳዩ እሱ አይደለም።»

ደጁ ላይ ያለው ጩኸት አልቀነሰም። ዶብስ እግሩን ቀያየረ።

«ታዲያ ውሃውን ለምን ደፋ? ዱክስ ፕሌስ ውስጥ ሰው ሲሞት የቤቱና የጎረቤቱ ውሃ ይደፋል። የሞት መልአክ ሰይፉን አጥቦበታል ይላሉ። ወተት አይደፋም፣ ወይን አይደፋም፤ ውሃ ብቻ። ይህ ሽማግሌ ገብቶ ሬሳ አገኘ፤ እጁ የለመደውን አደረገ፤ ካፖርቱን ቀደደና መሬት ላይ ተቀመጠ። በታሰረበት ቦታ የጠየቀኝ ስለ አንገቱ አይደለም፤ ሬሳው ብቻውን አድሮ እንደሆነ ነው። እነሱ ሟቻቸውን ብቻውን አያሳድሩም። ይህን ሁሉ ግን ሰው ለባዕድ አያደርግም።»

ዛልማን በዘበኞቹ መሐል ወደ ፊት ተራመደ። «ክቡር ዳኛ፣ እባክዎ እዚህ ላይ ያቁሙ። እኔን ይስቀሉኝ።»

«ይቁሙ በቦታዎ።»

«የሚጮኹትን አይሰሙም? ነገ ‹ከሃዲያቸውን ራሳቸው ገደሉት› ይላሉ። ሰፈሩን ያቃጥሉታል። ሕፃናት አሉ።»

«ማን እንደገደለው ሳልናገር አንድ ሰው ከዚህ በር አይወጣም» አለ ሃርግሬቭ። «እኔ የምጠየቀው ስለሞተው ሰው ነው። የሞተውም ሰው ስም ነበረው።» ወደ ሕዝብ ዳኞቹ ዞረ። «እናንተ ሬሳውን ስታዩ ፊቱን ነው ያያችሁት። ከአንገት በታች ያየነው እኔና ሐኪሙ ነን። በዚህ አገር ክርስቲያን አይገረዝም። ኦገስተስ ፌንዊክ ግን በሕፃንነቱ ተገርዟል።»

ሚስ ዳሬል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ክሮል ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«ማን ነው?» አለ ሃርግሬቭ ለሽማግሌው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን መናገር ይችላሉ።»

ዛልማን ፊቱን ወደ ሕዝብ ዳኞቹ አዞረ። «የወንድሜ ልጅ ነው። አሸር። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከተጓዥ ተዋንያን ጋር ጠፋ። አምና ለዚህ ተውኔት የአሮጌ አይሁዳዊ ካፖርት ፈልጎ ሱቄ ገባ። ካፖርቱን ሲለብስ ወንድሜ መሰለኝ። ‹አስተማሪዬ ነው ልበልና እየመጣሁ ልይህ› አለኝ። እየመጣ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ጾም ጀመረ።»

«ጾም ጀመረ» አለ ሃርግሬቭ። «የሞተበት ቀን ጾም ነበር። ሚስ ዳሬል ኬክ ይዘው ገቡ፤ ኮከብ ሲወጣ እበላለሁ አላቸው። ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ዛልማንም ሲመሽ አብረው ሊፈቱ ለሁለት የሚበቃ ምግብ ይዞ መጣ። ሐኪም፣ ሆዱ ውስጥ ምን አገኘህ?»

«ከመጠጡ በቀር ባዶ ነበር። ያ መርዝ አያቆይም፤ በጠጣበት ቅጽበት ነው የወደቀው።»

«ስለዚህ ጽዋው ከቀትር ጀምሮ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቆየ። ሊጨልም ሲል ፌንዊክ በመስኮቱ ሰማዩን አየ፣ አጎቱ እስኪደርስ አልታገሠም፣ የተጠማ ሰው ነበርና ጠጣው። አሁን ሚስተር ቲልኒ፣ ቀትር ላይ ምን አየሁ ነው ያሉኝ?»

ቲልኒ መሐረቡን ያዘ። «ተሳስቼ ይሆናል። በሐዘን...»

«‹እፊቴ ግማሹን ጠጣ፤ ጥሩ ነው ብሎ ከንፈሩን ጠረገ› ነው ያሉኝ። አልጠጣም። ከንፈሩንም አልጠረገም። ንጹሕ መጠጥ ያመጣ ሰው ‹ሲቀምሰው አይቻለሁ› ብሎ መዋሸት ምን ያስፈልገዋል? ይህን ውሸት የሚፈልገው መጠጡ መርዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ማንም አይደርስብዎትም ነበር። እርስዎ ስለ አይሁድ አንድ ሙሉ ተውኔት ጽፈዋል፤ ያ ቀን ምን ቀን እንደሆነ ግን አላወቁም።»

«ይህ ስድብ ነው።»

«የቡና ቤቱን ባለቤት ጠይቄዋለሁ። ጽዋውን አድርሰው ተመልሰው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ያዘዙት ሻይ ቀዘቀዘ። ጩኸት ሲጠብቁ አመሹ፤ ጩኸቱ አልመጣም። በመጨረሻ ሚሲስ ፒዩ ሲጮኹ ለምን እንደጮኹ ማንም ሳይነግርዎት ባርኔጣዎን ትተው ሮጡ። እዚሁ ቤት ካሉት ሰዎች ቀድመው ደረሱ። ጽዋውን ሊያነሱ ነበር፤ ሽማግሌው ግን አጠገቡ ተቀምጦ አልነሳ አለ።»

ሚስ ዳሬል ወንበሯን ከቲልኒ አራቀች። «ምን ነግሮህ ነው የገደልከው? የክብር ምሽቱ ላይ ምን ሊል ነበር?»

ቲልኒ ወደ እሷ አልዞረም። ሲናገር ዓይኑ ባዶው አዳራሽ ላይ ነበር።

«‹እኔም ከእነሱ ነኝ› ሊል ነበር። እዚህ ቆሞ፣ በእኔ ቃላት መጨረሻ ላይ። ለመንኩት። ‹አይሁድ ገንዘብ ከፍለው ያስጻፉት፣ በራሳቸው ሰው ያስጫወቱት ነው ይባላል› አልኩት። ሳቀ። ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ምን ነበሩ? የክሮል አፍንጫ! ሰው ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። በአንድ ምሽት ሊያፈርሰው ነው? መናሴ ይሞት ነበር።»

«ስለዚህ የዛልማን ወንድም ልጅ ሞተ» አለ ሃርግሬቭ። «ዶብስ፣ የምትይዘው ሰው ወዲያ ነው።»

ዶብስ ሽማግሌውን ለቆ መድረኩን አቋረጠ። ቲልኒ በዛልማን አጠገብ ሲያልፍ ቆመ። «ስለ እናንተ ብዬ ነው» አለው። ዛልማን አላየውም።

የሕዝብ ዳኞቹ ለመወሰን አልዘገዩም፤ ቲልኒ ሆን ብሎ እንደገደለ በአንድ ድምፅ ተናገሩ። ያም ሆኖ ሥጋ ሻጩ ሲወጣ ሽማግሌውን ላለመንካት ካፖርቱን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ሃርግሬቭ ፍርዱን ራሱ ደጁ ላይ ወጥቶ አነበበ። ጥቂቶቹ ተበተኑ። የቀሩት ‹አይሁዶቹ ለደራሲው ገንዘብ ሰጥተው ነው ያስገደሉት› ማለት ጀመሩ።

የቴአትሩ ሥራ አስኪያጅ ለፌንዊክ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቦታ እንዳዘጋጀ፣ ሐውልትም እንደታሰበለት ለሃርግሬቭ ነገረው።

«ሬሳው የቤተሰቡ ነው» አለ ሃርግሬቭ።

ዛልማን ወደ መልበሻ ክፍሉ ወጣ። ሬሳውን ሊወስዱ ከዱክስ ፕሌስ የመጡት ሰዎች በደጁ ግርግር ሾልከው መግባት አልቻሉም። ብቻውን አንሶላውን አስተካከለ፣ በወንበሩ ምትክ መሬት ላይ ተቀምጦ ጥቂት አነበነበ፣ ከዚያም ሬሳው የተጋደመበትን ቃሬዛ ከራስጌ በኩል ሊያነሳ ሞከረ። አልተነሳለትም። ሃርግሬቭ ደረጃው ላይ ዘበኛ ሲጣራ ይሰማል፤ ዘበኛው ሬሳ ተሸካሚ አይደለሁም እያለ ይከራከራል።

ክሮል በሩ ላይ ብቅ አለ። አፉ አሁንም መጠጥ ይሸታል።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ዱክስ ፕሌስ። ታጥቦ ዛሬውኑ መቀበር አለበት።»

«ደጁ ላይ ያሉት እኮ አልሄዱም።»

«አውቃለሁ።»

ክሮል ወደ ኮሪደሩ፣ ከዚያ ወደ ሬሳው አየ። እጅጌውን ሰበሰበና ከግርጌ በኩል ጎንበስ አለ።

«እግሩን እኔ ይዣለሁ» አለ። «ደረጃው ጠባብ ነው። ቀስ ይበሉ፣ አባቴ።»

ደረጃውን ወረዱ። የደጁ ጩኸት እየቀረበ መጣ። ታች ሲደርሱ ዛልማን በሩን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው።